ከሮማ እስከ የካ ተራራ

ሰው የሌላውን አገር ለማየት ባሕር ይሻገራል፤ ከደጁ በላይ ያለውን ኰረብታ ግን በመስኮት እያየው ያረጃል። ይህን የምናገረው ሌላውን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ፤ ተወቃሹ እኔው ነኝ። የካ ተወልጄ፥ የካ አድጌ፥ የየካ ሚካኤልን ደወል እየሰማሁ ሃምሳ ዓመት ሲያልፈኝ፥ ከቤታችን በላይ በተራራው ጫካ ውስጥ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን በስሙ ከመስማት በቀር ሄጄ አይቼው አላውቅም ነበር። ዋሻ ሚካኤል ይባላል። ሄጄ እንዳየው ያደረገኝ ነገር የተጀመረው ደግሞ በየካ ሳይሆን በሮማ ነው።

በ1994 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለስድስት ሳምንት ትምህርት ወደ ሮማ ልኮኝ ነበር። በሰው አገር እሑድ፥ ብቻውን ለሚውል እንግዳ እጅግ ረዥም ቀን ነው። ስለዚህ አንድ እሑድ «የሙሉ ቀን ጉብኝት፥ ምሳ ጭምር» የሚል ወረቀት ከማረፊያዬ ጠረጴዛ ላይ አንሥቼ ገንዘቤን ከፈልሁ። ጉዞው ከሮማ በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ቲቮሊ ነበር። እዚያም የንጉሠ ነገሥት ሀድሪያን የመዝናኛ ከተማ ፍርስራሽና፥ በ16ኛው ምእተ ዓመት አንድ ካርዲናል ያሠራው ፏፏቴው የበዛ የአትክልት ቦታ ይታያል።

አስጐብኚያችን ጠና ያለች ሴት ነበረች። የተዘጋ ጃንጥላዋን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ከፍ አድርጋ ስትሄድ፥ አርባ የምንሆን መንገደኞች እንደ ጫጩት እንከተላታለን። አንዱን ነገር በሦስት ቋንቋ እያከታተለች ትናገራለች፤ በየትኛውም ቋንቋ አትደናቀፍም። አውቶቡሱ ከከተማው ሳይወጣ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንጻ አጠገብ ባለፈ ጊዜ እጇን ወደ ቀኝ ዘርግታ፥ «ይህ ከኢትዮጵያ የመጣ ሐውልት ነው» አለችና ወዲያው ስለ ካራካላ መታጠቢያ ቤት መናገር ጀመረች።

«የመጣ» አለች። በራሱ እግር ተራምዶ፥ ቪዛ አስመትቶ የመጣ ይመስል!

ከጐኔ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት መልኬን አይታ፥ «ያንተ አገር ነው አይደለም? እስቲ ንገረን» አለችኝ። እኔም «አክሱም የሚባል ከተማ ነው፤ በጣም ጥንታዊ ነው» ብዬ ዝም አልሁ። ቁመቱ ስንት ነው? ማን አሠራው? ለምን ወደቀ? መቼ ተወሰደ? አሮጊቷ አከታትላ ጠየቀችኝ፤ እኔም አከታትዬ አላወቅሁም። ዛሬ ቢሆን ኖሮ እነግራት ነበር። ቁመቱ 24 ሜትር፥ ክብደቱ 160 ቶን ያህል እንደ ሆነ፤ ወድቆና ተሰባብሮ ሳለ በፋሽስቶች ወረራ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937፥ በመርከብ ተጭኖ እንደ ተወሰደ፤ ያ በአጠገቡ ያለው ትልቅ ሕንጻም መጀመሪያ የታቀደው ለኢጣልያ የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር እንደ ነበረ፤ በ1947 ኢጣልያ በሰላም ውል ልትመልሰው ተስማምታ ሳለ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ እንዳዘገየችው እነግራት ነበር። እርግጥ ያን ጊዜ ፍጻሜው ገና አልታወቀም። ሐውልቱ በሦስት ክፍል በአውሮፕላን ተጭኖ አክሱም የገባው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሲሆን፥ ተተክሎ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ የባሰው ግን የደረሰብኝ ቲቮሊ ላይ ነው። በምሳ ሰዓት ሾፌሩ፥ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሮማዊ፥ ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፥ «አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ፤ እንግዲያስ አበበን ታውቀዋለህ» አለኝ። የማያውቀው ማን አለ ብዬ ሣቅሁ። እርሱ ግን አልሣቀም። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ከዚያ ሐውልት አጠገብ ቆሞ እንደ ነበረ፥ መሽቶ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን እንደሚያበሩ፥ አንድ ባዶ እግሩን የሆነ ቀጭን ጥቁር ሰው ድምፅ ሳያሰማ እንዳለፈ ነገረኝ። «የእግሩን ኮቴ ለመስማት አባቴ ዝም በል አለኝ፤ ምንም አልተሰማም» አለ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥር ገብቶ የማራቶንን ውድድር ሲያሸንፍ፥ ከሞሮኮው ተፎካካሪው ተለይቶ ወደ ፊት የወጣው በዚያ በተወሰደው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው። እኔ አበበ ማሸነፉን እንጂ ይህን አላውቅም ነበር። የሮማ አውቶቡስ ሾፌር አስተማረኝ።

ከዚያ በኋላ የሀድሪያንን ፍርስራሽ አየሁ፤ የአትክልቱን ፏፏቴም አየሁ። ውኃው ሁሉ ያለ ሞተር፥ ከላይ ወደ ታች በመውረድ ኃይሉ ብቻ እየፈነጠቀ ሲዘል ማየት በእውነት ያስደንቃል። ይሁን እንጂ ልቤ በቦታው አልነበረም። ማታ ስንመለስ አሮጊቷ ለመጨረሻ ጊዜ፥ «አንተ በምትኖርበት ከተማ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብትለኝ፥ «ተራራ አለ» አልኋት። እውነት ነው፤ አለ።

ጐብኚን በቡድን አሰልፎ፥ ዋጋውን አስቀድሞ ተቀብሎ፥ ጧት ወስዶ ማታ መመለስ በአውሮፓ የቈየ ሥራ ነው። ቶማስ ኩክ የሚባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሐምሌ 5 ቀን 1841፥ አምስት መቶ የሚሆኑ ሰዎችን በአንድ አንድ ሽልንግ በባቡር አሳፍሮ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ ወሰደ። ሰዎቹ የሄዱት ከመጠጥ ለመታቀብ ስለ ተቋቋመ ማኅበር ስብሰባ ነው እንጂ ታሪክ ለማየት አልነበረም። ነገር ግን ከዚያች ቀን የአሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ጉዞ ዓለምን የሚያዞር ንግድ ተወለደ። በእኛም አገር የቱሪስት ድርጅት በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሲቋቋም፥ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለው አባባል ከዚያ ወጥቶ የዓለምን ጆሮ አገኘ። እኛ ግን ፀጋውን ለባዕድ አሳየን እንጂ ራሳችን ቲኬት ቈርጠን አልተሳፈርንም።

ከሮማ ከተመለስሁ በኋላ ዛሬ ነገ ስል ስንት ዓመት እንዳለፈ መናገር ያሳፍረኛል። በመጨረሻ አንድ ጊዜ፥ ስሙን የማልጠራው አንድ አስጐብኚ ድርጅት «እንጦጦና የካ በአንድ ቀን» ብሎ ያወጣውን ማስታወቂያ አይቼ ሄድሁ። የካን አላየነውም። የዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆመን፥ እንጦጦ ላይ ግማሽ ሰዓት አሳለፍን። የሚመራን ሰው ዐፄ ምኒልክ የነገሡት በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ለፈረንጆቹ ነገራቸው፤ ፈረንጆቹም ጻፉት። ያ ስሕተት ዛሬ በስንት አገር በስንት ደብተር ውስጥ እንደ ተቀመጠ እግዚአብሔር ይወቅ። ያን ቀን ማታ፥ ሌላ ሰው እስኪያሳየኝ የምጠብቅበት ዘመን ይብቃ ብዬ፥ የወንድሜን ልጅና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹን አነጋገርሁ። ገንዘብ አዋጥተን አንድ ሚኒባስ ተከራየን። ታሪክ ተምሮ የአስጐብኚነት ፈቃድ ያወጣ አንድ ወጣትም ለመንን።

ጧት በ1 ሰዓት መገናኛ ላይ ስንሰበሰብ አሥራ አንድ ሆንን። አምስት ተማሪዎች፥ ሥራ ከያዙ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናቸው ሦስት ወጣቶች፥ አንድ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት መምህር፥ አስጐብኚውና እኔ ነበርን። ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት የሁለተኛ ዓመት ልጅ ከሁሉም ይልቅ ዝምተኛ ነበረች። ሌሎቹ ፎቶግራፍ ሲነሡ እርሷ ጫማዋን ታጠብቅ ነበር።

ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ መኪናውን ትተን በእግር ጀመርን። አስጐብኚው ከመነሣታችን በፊት አቁሞን አንድ ነገር ተናገረ። «እኔ ሁለት ከረጢት ይዤ ነው የምሄደው። በአንዱ ውስጥ ያለው ‹ይታወቃል› ነው፤ በሌላው ውስጥ ያለው ‹ይባላል› ነው። ሁለቱንም እሰጣችኋለሁ፤ ነገር ግን ከየትኛው እንዳወጣሁ ሳልነግራችሁ አልሰጣችሁም» አለ። የሮማዋ ሴት ሦስት ቋንቋ ነበራት፤ ይህ ግን አልነበራትም።

ዳገቱ ለተማሪ ቀላል፥ ለእኔ ግን እስትንፋስ የሚቈርጥ ነው። ባሕር ዛፉ በሁለት ወገን ቆሞ ቅጠሉ ከእግር በታች ይንኰሻኰሻል። ወደ ታች ሲመለከቱ ከተማው ከጧቱ ጉም ውስጥ በጥቂቱ እየወጣ ይታያል። አስጐብኚው የእንግሊዝ ኤምባሲን ሰፊ ደን፥ ወደ ምዕራብም ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለውን ሠፈር አሳየን። ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ አገር መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ሲጐርፉ ዐፄ ምኒልክ ለየመንግሥታቱ በዚህ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ሰፋፊ መሬት ሰጥተዋቸው ነበር። የየካ ግማሽ ታሪክ በአጥር ውስጥ ነው ማለት ነው፤ አሁን የምንወጣበት ግን አጥር የለውም።

መንገዱ ለሁለት በተከፈለበት ስፍራ አስጐብኚው ጥቂት አመነታ። እኛ በሄድንበት በኩል የሚያመለክት ሰሌዳ አላየንም። «በግራ ነው» አለች ዝምተኛዋ ልጅ፤ ሳትቆምም አለፈች። እንዴት እንዳወቀች የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ዋሻ ሚካኤል ከሩቅ አይታይም። ወደ ላይ የሚወጣ ጕልላት የለውምና ሰው ዐይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ ቢፈልገው አያገኘውም፤ ወደ ታች ነው የሚታየው። ጥንት የነበሩት ጠራቢዎች አለቱን ዙሪያውን ቈፍረው ከለዩት በኋላ፥ ውስጡን ፈልፍለው ግድግዳ፥ በርና መስኮት አወጡለት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተጨመረም፤ ከድንጋይ ላይ ተቀነሰ እንጂ። ጣሪያው ተደርምሶ ስለ ነበር ከውስጡ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ሰማይ ያያል። በግድግዳው ላይ እንስፍስፍ የሚል አረንጓዴ ሽበት በቅሏል፤ የመጥረቢያው ምልክት ግን በአንዳንድ ስፍራ ዛሬም በጣት ይዳሰሳል።

እንግዲህ ጭቅጭቁ የተነሣው እዚህ ነው። አስጐብኚው፥ «ይህን ቤተ ክርስቲያን በ4ኛው ምእተ ዓመት አብርሃና አጽብሃ አሠሩት ይባላል። ይህ ከ‹ይባላል› ከረጢት ነው። የሕንጻ ጥበብ መርማሪዎች ግን አሠራሩን ከሌሎች ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ጋር አስተያይተው ወደ መካከለኛው ዘመን፥ ወደ ላሊበላ ዘመን ግድም ያቀርቡታል» አለ። ወዲያው ጡረተኛው መምህር ምርኵዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

«አንተ ልጅ፥» አሉት፥ «ስምንት መቶ ዓመት ቀንሰህ ለማን ልትሰጠው ነው? ፈረንጅ ታሪኩን ሲያረዝም እኛ እናሳጥር? አባቶቻችን ያሉትን ማን ብለህ ነው የምትሽረው?»

ወጣቱ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጋሼ፥ እኔ የቀነስሁት ነገር የለም። አባቶች ያሉትን አስቀድሜ ተናገርሁ፤ ያሉት መሆኑንም አልደበቅሁም። ነገር ግን ነገ አንድ የሌላ አገር ተማሪ እዚህ ቆሞ በምን ታወቀ ቢለኝ፥ ተቈጥቼ ልመልሰው አልችልም። ደግሞስ ስምንት መቶ ዓመት የቆመ አለት ለመከበር ያንሳል?»

መምህሩ አልመለሱለትም። እኔ በልቤ ከሁለቱም ጋር ነበርሁ። ሽማግሌው የሚፈሩት ነገር ባዶ አይደለም። «ከኢትዮጵያ የመጣ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር የታለፈ ሐውልት ያየ ሰው፥ ማነስን ቢፈራ አይፈረድበትም። ሆኖም የራጉኤሉን ንግሥ በደብተራቸው የጻፉት ፈረንጆች ትዝ አሉኝ። ባልታወቀ ነገር ላይ ደፍሮ የሚናገር አስጐብኚ የታወቀውንም ነገር ያረክሰዋል። ጥቂት ቈይቼ ዞር ብል ሽማግሌው ብቻቸውን በግድግዳው ጥግ ቆመው የመጥረቢያውን ምልክት በአውራ ጣታቸው ሲከተሉት አየሁ።

ስንወርድ እንጨት የተሸከሙ አራት ሴቶች አገኘን። ቅጠልና ጭራሮው ከወገባቸው በላይ እንደ ክንፍ ወዲያና ወዲህ ተዘርግቶ መንገዱን ይሞላዋል። እንዲህ ያለ ሸክም ከሠላሳ ኪሎ ግራም የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ከተሸካሚይቱ ክብደት ጋር የሚወዳደርበትም አለ። ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ እንጀራ የተጋገረው በእነዚህ ጀርባዎች ነው። ከወጣቶቹ አንዱ ፎቶግራፍ ሊያነሣ ስልኩን ቢያወጣ ከፊት የነበሩት እናት ሳይቆሙ፥ «ልጄ፥ እኔ የምጐበኝ አይደለሁም፤ መንገዱን ልቀቅልኝ» አሉት። ልጁ ዐፍሮ ወደ ዳር ወጣ። አንደኛዋ ሴት ዐርፋ ልትነሣ ስትል ዝምተኛዋ ተማሪ ከኋላዋ ሄዳ ሸክሙን ደግፋ አስነሣቻት። ሁለቱ ጥቂት ቃል ተነጋገሩ፤ ምን እንደ ተባባሉ አልሰማሁም።

ስለ ባሕር ዛፍ የተነገረን በዚህ ጊዜ ነው። ዛሬ ተራራውን ያለበሰው ይህ ዛፍ የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ቤተ መንግሥቱና ሠራዊቱ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጥዱንና ወይራውን ጨርሰው ተራራው በተራቈተ ጊዜ፥ በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም ዘሩ ተተከለ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሥራ እስከ መጀመር ተደርሶ ነበር፤ አዲስ አበባ በስፍራዋ የቀረችው በዚህ ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ምኒልክ ዛፉን ለተከለ ሰው ግብር ምረው ነበር ይባላል፤ አስጐብኚው ይህን ሲናገር የግራ እጁን፥ የ«ይባላል»ን ከረጢት፥ ከፍ አደረገ። ዛፉ ከተማዪቱን ቢያድናትም ውኃ ጠጪ ነው፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም። ስለዚህ በእንጦጦ ባሕር ዛፉን እየቀነሱ ጥድ፥ ኮሶና ወይራ መልሶ የመትከል ሥራ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ተይዟል።

ምሳችንን ሽሮ ሜዳ በላን። ስለ ምሳው የምጽፈው የለኝም፤ ስለ ሸማው ግን ሴቶቹ ልጆች ብዙ ይጽፋሉ። ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ ፕሮግራማችን በአንድ ሰዓት ዘገየ። የቲቮሊዋ አስጐብኚ ብትሆን ጃንጥላዋን ታነሣ ነበር።

ከዚያ ጠመዝማዛውን ዳገት በመኪና ወጥተን እንጦጦ ማርያም ደረስን። እዚህ ላይ ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ነፋሱም ከታች ካለው ነፋስ ጋር ዘመድ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ በወደቁበት ዘመን፥ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በራጉኤል አይደለም! ይህን ጮኽ ብዬ ስናገር ተማሪዎቹ ዞረው አዩኝ፤ ምክንያቱን አላወቁም።

በቅጥሩ አጠገብ ያለው ቤተ መዘክር የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌ ጣይቱን አልባሳት፥ ነጋሪቶችንና ለቤተ ክርስቲያኑ የተሰጡ ስጦታዎችን ይዟል። ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን ቤተ መንግሥቱ ነው። የሀድሪያንን ከተማ ያየ ዐይን እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ ግራ ይጋባል። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ፥ በነጭ የተለቀለቁ፥ ማንም ባላገር የሚያውቃቸው ዐይነት ቤቶች ናቸው። ከወጣቶቹ አንዱ፥ «ይህ ብቻ ነው?» አለ። መምህሩ ከአስጐብኚው ቀድመው መለሱ። «ከዚህ ቤት ወጥተው ነው ዐድዋ የዘመቱ እንዳልል ያን ጊዜ ወደ ታች ወርደዋል። ነገር ግን አንድ መንግሥት ሲጀምር ይህን ይመስላል። አንተ የጀመርህበትን ቤት አስብ» አሉት። ወጣቱ ሣቀ፤ አስጐብኚውም አብሮ ሣቀ። ከዋሻው በኋላ ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከእንጦጦ የወረዱበት ምክንያትም እዚያው ቆሞ ለሚበርደው ሰው ግልጽ ነው። ብርዱና ነፋሱ፥ የእንጨትና የውኃ እጦት ሰፈሩን አስቸገረው። እቴጌ ጣይቱ ከታች ባለው የፍል ውኃ ሜዳ መዋል ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት እንዲሠራላቸው ጠይቀው ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት። ከተማችን እንግዲህ በብርድ የተሰደደ ቤተ መንግሥት ልጅ ናት።

ራጉኤልን፥ ስምንት ማዕዘን ያለውን ባለ ፎቅ ቤተ ክርስቲያን፥ ካየን በኋላ ከጫፉ ላይ ቆመን ወደ ሰሜን ተመለከትን። አስጐብኚው ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛው፥ በ15ኛው ምእተ ዓመት በቬኒስ አካባቢ የነበረው መነኵሴ ፍራ ማውሮ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ መመልከቷ ነው። ሊቃውንት ይህችን ከተማ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ሲፈልጓት ቈይተዋል፤ በእንጦጦ ጫፍ የሚታየውን የጥንት ቅጥር ፍርስራሽም ከዚሁ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። «ይህ የትኛው ከረጢት ነው?» ብሎ አንድ ተማሪ ቢጠይቅ፥ «ካርታው በቀኙ፥ ስፍራው በግራው» አለ።

ሁለተኛው ነገር ግን ያለ ጥርጥር በቀኙ ከረጢት ነው። በዚህ ተራራ ጀርባ ላይ የዘነበ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታ ሜዳ አልፎ፥ ሙገርን ይዞ፥ ዐባይ ገብቶ ካይሮን ያጠጣና ሜዲቴራንያን ባሕር ይደርሳል። በደቡብ በኩል የወረደው በቀበናና በመሰሎቿ ወንዞች አዲስ አበባን ሰንጥቆ፥ አቃቂን ተከትሎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በአፋር በረሓ ቀርቶ ከባሕር ሳይደርስ ያልቃል። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች መካከላቸው አንድ ክንድ ብቻ ሆኖ፥ አንዱ ግብፅ አንዱ በረሓ ይገባል ማለት ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ከጫፉ ላይ አንድ እግራቸውን ወዲህ አንዱን ወዲያ አድርገው ቆሙ። በዕድሜዬ ባላፍር እኔም እቆም ነበር።

የቀረውን በችኰላ አየነው። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የእንጦጦ ፓርክ ስናልፍ የብስክሌቱንና የፈረሱን መንገድ፥ በቡና ቤቶቹ ደጅ የተቀመጡትን ቤተሰቦች አየን። ቀድሞ ሰው በድፍረት ብቻ ይገባበት የነበረው ጫካ ዛሬ ሕፃን ይዞ የሚገባበት ሆኗል፤ ይህ መልካም ነው። የሰማይ መመልከቻው ጣቢያ ሁለት ትላልቅ ቴሌስኮፖች፥ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ፥ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ተተክለውበታል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተመጠቀችው የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቈጣጠሪያም የተቋቋመው እዚሁ ነው። ሰዓቱ ስለ መሸ ከውጭ አይተን ተመለስን። ጥፋቱ የሸማው ገበያ ነው።

ስንወርድ በየፈርጁ መብራት በርቶ ነበር። በስድስት ኪሎ ሦስቱ ተማሪዎች ወረዱ። ቀበና ስንደርስ ዝምተኛዋ ልጅ ልትወርድ ተነሣችና፥ አስጐብኚውን፥ «አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እያልሁ ቀረሁ» አለችው። እናቷ ከዚያ ከየካ ተራራ እንጨት እየለቀመች እንዳሳደገቻት፥ ትምህርት ቤት ሳትገባ በፊት፥ እናቷ እንጨቱን እስክታስር ድረስ እርሷን ከዋሻ ሚካኤል ግድግዳ ሥር፥ ዝናብ ከማይደርስበት ጥግ አስቀምጣት ትሄድ እንደ ነበረ ተናገረች። ከዚያች መንገድ ላይ ካገኘናት ሴት ጋርም የተነጋገሩት ስለ እናቷ ጤና ኖሯል። በዚያ ጥግ ሆነው ሴቶቹ ዝናብ እስኪያባራ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወሩት ብዙ ተረት እንደ ነበረ፥ እርሷም አብዛኛውን እንደምታስታውስ፥ «ግን ከ‹ይባላል› ነው» ብላ ፈገግ አለች።

አስጐብኚው ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። «የቱ ጥግ ነው? በሩ ወደ የት ሲሆን?» አላት። እርሷም ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋው።